ሞተሩ አሉሚኒየም ከሆነ ብሎኑስ? አሉሚኒየም ወይስ ስቲል (ደሴና ኮምቦልቻ ለምትሰሩ)

ሞተሩ አሉሚኒየም ከሆነ ብሎኑም አሉሚኒየም መሆን የለበትም ወይ የሚል ጥያቄ እዚህ ደሴም ኮምቦልቻም ሙያ ከሚለምዱት ልጆች ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ አሁን አሁን ደግሞ ኦንላይን ላይ ሰማያዊና ቀይ ቀለም ያላቸው የአሉሚኒየም ብሎኖች ሲታዩ ሰው ይጓጓል። መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ የለበትም። እኛ አገር የሚነዱት አብዛኞቹ መኪኖች ላይ፣ ቪትዝ በሉት ኮሮላ በሉት ባጃጅም ጭምር፣ ፋብሪካው ራሱ አሉሚኒየሙን የሚያስረው በስቲል ብሎን ነው። ስለዚህ ከሞተሩ የወጣው ስቲል ከሆነ በዛው ደረጃ ስቲል ይመለሳል፣ የወጣው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ አዲስ አሉሚኒየም ይገባል። በቃ ይሄ ነው፣ ግን ሞተር የሚያበላሸው ዝርዝሩ ላይ ያለው ስህተት ስለሆነ ዝርዝሩንም አንብቡት።

በእጃችሁ የያዛችሁት ምን እንደሆነ ለማወቅ ማግኔት አስጠጉለት። ስቲል ከሆነ ወዲያው ይጣበቃል። ካልተጣበቀ ግን አሉሚኒየም ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፣ የማይዝገው ስቴንለስም ማግኔት ብዙም አይስበውም፣ ያኔ በክብደት ለዩት፣ አሉሚኒየም በተመሳሳይ መጠን የስቲልን አንድ ሶስተኛ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው፣ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይታወቃል።

የምትሰሩበትን ሞተርም ለዩ። ድሮ ዲኤክስ የምንለው ኮሮላ ላይ ያለው 4ኬ ሞተር ብሎኩ ጊዛ (ካስት አይረን) ነው፣ ቴስታታው (ብሎኩ ላይ የሚታሰረው የላይኛው ክፍል) ነው አሉሚኒየም። ቪትዝና ያሪስ ላይ የሚመጣው 1ኤንዜድ እና 2ኤንዜድ ግን ብሎኩም ቴስታታውም አሉሚኒየም ነው፣ እና ጊዛ ላይ እጁን የለመደ መካኒክ እንደዛው ጠምዝዞ ሲያስር ብሎኑ የቀዳዳውን ጥርስ ይዞት ይወጣል።

እውነተኛ የአሉሚኒየም ብሎን ያለበት ሞተርም አለ፣ እሱም ማግኒዚየም ያለበት ነው። የሚታወቀው የቢኤምደብሊው ኤን52 ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የተሰራ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ብሎኩ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ውጪውን ማግኒዚየም የሸፈነው ነው። ማግኒዚየም እርጥበት ባለበት ከስቲል ጋር ከተነካካ ክፉኛ ይበላል፣ ከአሉሚኒየም ጋር ግን በጣም ይሻለዋል፣ ሲሞቁም የሚያድጉት ተቀራርበው ነው። እዛ ላይ ስቲል ጠንካራ ነው ይሻላል ብሎ መቀየር ማለት ብሎኩን ቀስ በቀስ ማስበላት ነው። ብሎኖቹ አንዴ ብቻ ነው የሚታሰሩት፣ መጀመሪያ በትንሽ ቶርክ (የማጥበቂያ ኃይል) ከዚያ በዲግሪ እየተዞሩ ሆን ተብሎ እስኪሳቡ ድረስ ስለሚጠብቁ አንዴ ተፈትቶ የወጣው ተመልሶ ቢገባ ይበጠሳል። ጭንቅላታቸው ላይ ሰማያዊ ቀለም ይደረግባቸዋል። እንዲህ ያለ መኪና ከገባላችሁ ሳትፈቱት በፊት ብሎኖቹን ከአዲስ አበባ እዘዙ፣ ከፈታችሁ በኋላ መፈለግ ከጀመራችሁ የሰው መኪና ተዘርግፎ ነው የሚቆየው ያኔ ደግሞ እጅ ላይ የተገኘውን ማሰር ያምራችኋል።

ከዚህ ውጪ ያለው የስቲል ቦታ ነው። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን የመጀመሪያው 8 በካሬ ሚሊሜትር 800 ኒውተን ድረስ ሲሳብ ይችላል ነው የሚለው፣ ሁለተኛው 8 ደግሞ ከዛ 80 በመቶው ላይ ማለትም 640 ላይ ሲደርስ ላይመለስ መለጠጥ ይጀምራል ነው። 10.9 ከሆነ 1,000 እና 900 ማለት ነው። ፋብሪካ ለሞተር ብሎ የሚሰራው ደህናው የአሉሚኒየም ብሎን እንኳን የ8.8ን ግማሽ ያህል ነው የሚችለው፣ ሙቀቱ 150 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ያቺኑም ጉልበቱን ይለቃል። ቀለማሙ ብሎንማ ከምን እንደተሰራ እንኳን አልተጻፈበትም። የቴስታታ ብሎን፣ የቤላ ብሎን፣ የፍላይዊል፣ የሞተር መያዣ፣ የጭስ ማውጫ ማኒፎልድ፣ ተርቦ፣ እነዚህ ላይ አሉሚኒየም ብሎን በፍጹም። ታርጋ ማሰሪያ ላይ ወይም የላስቲክ ሽፋን ላይ ከፈለጋችሁ እሺ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ስቲል ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ ብሎኑ አይደለም የሚሸነፈው፣ የሚሸነፈው ቀዳዳው ውስጥ ያለው ለስላሳ ጥርስ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከስቲል ሁለት እጥፍ ገደማ ያድጋል፣ 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.18 ሚሊሜትር ይጨምራል፣ ስቲሉ ደግሞ 0.10 አካባቢ። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች ግን ብሎኑን ትስበዋለች፣ ጠዋት በልክ የታሰረው ሞተሩ ሲሞቅ የበለጠ ይወጠራል፣ ጠዋት ከልክ በላይ ታስሮ ከነበረማ ጭነቱ ሁሉ እዛ ጥርስ ላይ ነው የሚያርፈው። የኛ አገር መንገድ ደግሞ ለዚህ ከባድ ነው። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነች ደሴ 2,500 አካባቢ፣ በመሀል ሐረጎ አለ፣ ተጭኖ በከባድ ማርሽ ሐረጎን የወጣ መኪና ሞተሩ ግሎ ነው ደሴ የሚደርሰው፣ ሌሊት ደግሞ የደሴ ብርድ አለ፣ እንዲህ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ነው የሚኖረው። ውሃ ደሴ ላይ ግፊት ከሌለው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ግፊት የማይዝ መኪና ቶሎ ያፈላል፣ ያፈላ ሞተር ደግሞ ቴስታታው ይጣመማል የብሎኑ ጥርስም ይጎተታል። ቶዮታ ራሷ ካምሪና ራቭ4 ላይ በገጠመችው 2ኤዜድ ሞተር ላይ ይሄ አጋጥሟታል፣ ከኋላ በኩል ያሉት የቴስታታ ብሎኖች ከአሉሚኒየሙ ብሎክ ጥርሱን ይዘው እየወጡ ኋላ ላይ በተሰሩት ሞተሮች ጥርሱ ረዘም ተደርጓል። ብሎኑ ጤነኛ ነበር፣ ያነሰው ጥርሱ የያዘው ርዝመት ነው።

ስለዚህ አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ ስቲል ብሎን ቢያንስ የውፍረቱን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቢቻል ሁለት እጥፍ ጥርስ መያዝ አለበት። ኤም8 ብሎን (ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነው) ከሆነ ከ12 እስከ 16 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከሌላ መኪና የተፈታ አጠር ያለ ብሎን ይሆናል ብሎ ማሰር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ጥርሶች ብቻ ስለሚይዝ እነሱን ላጥ አድርጎ ይወጣል። የረዘመም ልክ አይደለም፣ ቀዳዳው ድፍን ከሆነ፣ ማለትም ወዲያ ማዶ የማይወጣ ከሆነ፣ ብሎኑ መጨረሻው ላይ ይነካና እናንተ የታሰረ ይመስላችኋል ክፍሉ ግን ልቅ ነው፣ ጨምራችሁ ከጠመዘዛችሁት ደግሞ ቤቱን ይበሳዋል። በካሊፐር ለኩ፣ ካሊፐር ከሌለ ቀጭን ስንጥር ቀዳዳው ውስጥ ክተቱና ምልክት አድርጋችሁ ከብሎኑ ጋር አስተያዩት፣ የሚታሰረውን ክፍልና የሮንዴላውን ውፍረት መቁጠር እንዳትረሱ።

12.9 ብገዛ ይበልጥ አይጠነክርም ወይ የሚለኝ አለ። አሉሚኒየም ውስጥ አይጠቅምም፣ ጥርሱ እንደሆነ ያው ለስላሳ ነው፣ ብሎኑ ምንም ሳይሆን የቀዳዳው ጥርስ ቀድሞ ይወጣል። እንዲያውም ጠንካራ ነው ብላችሁ በጉልበት ታስሩታላችሁ። ፋብሪካው 8.8 ካደረገ 8.8 አድርጉ፣ 10.9 ካደረገ 10.9፣ ዝቅ ማድረግ ግን አይሆንም። ቶዮታ ላይ እነዚህን ቁጥሮች ካላገኛችሁ አትደናገጡ፣ እነሱ 4 ወይም 7 ወይም 9 የመሰለ ነጠላ ቁጥር ይጽፋሉ፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብሎኑ ይጠነክራል፣ 4 የነበረበትን በ7 መተካት ይቻላል 9 የነበረበትን በ7 ግን አይቻልም።

ስቴንለስ ደግሞ ለብቻው ልናገርበት። አይዝግም ያምራል ተብሎ የውሃ ፓምፕና የቴርሞስታት ቤት ላይ የሚያስሩ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ስቴንለስና አሉሚኒየም ውሃ ባለበት ሲገናኙ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፣ ብሎኑ እንዳማረበት ይቆይና ዙሪያው ነጭ ዱቄት ይሆናል፣ ከዚያ ብሎኑ እንደ ተበየደ ይይዛል። ፋብሪካ የሚያስረው ስቲል ዚንክ የተቀባ ነው፣ ነጣ ወይም ቢጫ ያለው፣ ያ ቅብ ስቲሉንና አሉሚኒየሙን ያለያያል። ቅቡ አልቆ ቡናማ የዛገ ብሎን ጥርሱ ደህና ቢመስልም አሉሚኒየም ውስጥ አትመልሱት። በዚህ ላይ ራዲያተር ውስጥ ኩላንት ትቶ የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመር አለ፣ ዝገት መከላከያ ስለሌለው የቴርሞስታት ቤት ብሎን ከሁሉም ቀድሞ የሚይዘው ለዚህ ነው። ደንበኛ ኩላንት ውድ ነው ሲል ብሎኑ ተሰብሮ ቢቀር ምን እንደሚያስወጣው በትዕግስት ንገሩት።

ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱ፣ በአፍ 10 ብሎን ስጠኝ አትበሉ። ይሄ ነጥብ በጣም ብዙ ሞተር ያበላሸ ነው። የጃፓን መኪና ላይ ኤም10 ብሎን ብዙ ጊዜ ጥርሱ 1.25 ነው (ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት በሚሊሜትር)፣ ለብየዳና ለግንባታ ተብሎ ሱቅ ላይ በብዛት ያለው ኤም10 ግን 1.5 ነው። ሁለቱም ውፍረታቸው አንድ ነው፣ በእጅ ስታስገቡት ሁለት ሶስት ዙር ይገባል ከዚያ ይከብዳል፣ ቆሻሻ ነው ብላችሁ በቁልፍ ከገፋችሁት እዛው ላይ የአሉሚኒየሙ ጥርስ አለቀ። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ጥርስ ለጥርስ ግጠሟቸውና ወደ ብርሃን አንሱት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን ካላሳለፉ አንድ ናቸው። ጭንቅላቱም ይነግራችኋል፣ የጃፓኑ ኤም8 በ12 ቁልፍ ነው የሚፈታው የሌላው በ13፣ የጃፓኑ ኤም10 በ14 የሌላው በ16 ወይ 17። ጭንቅላቱ ላይ ምንም ቁጥርም የፋብሪካ ምልክትም የሌለው የሱቅ ብሎን ለአጥር በር ይሁን ለሞተር ግን አይሁን።

ስታስሩ እንግዲህ መጀመሪያ ቀዳዳውን አጽዱ። በኮምፕረሰር ንፉት፣ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ። ድፍን ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ተጠራቅሞ ብሎን ከታሰረበት ፈሳሹ መሄጃ ስለሌለው ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል፣ ይሄ የቴስታታ ብሎን ላይ በተለይ። ከዚያ ብሎኑን በጣት አስጀምሩ፣ ሁልጊዜ በጣት። አፉ ላይ አስቀምጡትና መጀመሪያ ወደ መፍቻው በኩል ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት፣ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ ጠቅ ብሎ ትንሽ ዝቅ ሲል ጣታችሁ ላይ ይሰማችኋል፣ ከዛች ቦታ ነው ወደ ማሰሪያው ማዞር የሚጀመረው። እንዲህ የጀመረ ብሎን አይጣመምም። እስከ መጨረሻው በጣት መግባት አለበት፣ መሀል ላይ ከያዘ አውጡትና እዩት፣ ጥርሱ መሀል ብር የመሰለ ጥምዝምዝ ቅርፊት ካለ ያ ከቀዳዳው የወጣ አሉሚኒየም ነው፣ አቁሙ።

ቶርክ ሬንች ያለው ይጠቀም የሌለው ይዋስ፣ አሉሚኒየም ሞተር በግምት መስራት አይመከርም። መመሪያው ያለውን ተከተሉ፣ መመሪያ ከጠፋ ብዙ የጃፓን ሞተር ላይ ኤም6 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ኤም8 ደግሞ 20 አካባቢ። አሮጌ የቶዮታ መመሪያ ላይ 100 ኪሎ ሳንቲሜትር የሚል ካያችሁ ያው 10 ኒውተን ሜትር በሉት። 10 ኒውተን ሜትር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማወቅ፣ 15 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፉን በ7 ኪሎ ገደማ ኃይል መግፋት ነው፣ በቃ። የቫልቭ ሽፋን ብሎን በረጅም ክሪኬት ክንዱን ዘርግቶ የሚያስር ሰው የዛን ሶስት አራት እጥፍ ነው የሚሰጠው። ዘይት ወይም ግራሶ የተቀባ ብሎን ደግሞ በተመሳሳይ ቶርክ የበለጠ ይጠብቃል፣ መመሪያው ደረቅ ካለ ደረቅ፣ ዘይት ቀቡ ካለ ዘይት። የቴስታታ ብሎን በቶርክ ብቻ አይደለም፣ ለምሳሌ 1ኤንዜድ ላይ ከመሀል ወደ ዳር እየሄዳችሁ መጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ሁሉንም 90 ዲግሪ፣ ከዚያ እንደገና 90 ዲግሪ። ጭንቅላቱ ላይ በቀለም ነጥብ አድርጉ አለበለዚያ የትኛውን እንዳዞራችሁ ይጠፋችኋል። እንደዚህ በዲግሪ የሚታሰር ብሎን ተለጥጦ አንገቱ ከቀጠነ አዲስ ነው የሚገባው፣ መካኒኩ ራሱ ገንዘብ ለማዳን መልሱት ቢላችሁም አይሆንም በሉ።

የዘይት ማውረጃው ታፖ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙው ጉዳት እዛ ነው። ብዙ ቶዮታ ላይ ኤም12 በ1.25 ሆኖ 37 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው የሚታሰረው። ዘይት የሚያስቆመው ሮንዴላው እንጂ ጉልበቱ አይደለም፣ ሮንዴላውን በየዘይት ቅየራው ቀይሩት፣ ሳይቀየር ሲቀር ዘይት ያንጠባጥባል፣ ሲያንጠባጥብ ሰው ጨምሮ ያጠብቃል፣ ሲያጠብቅ ጥርሱ ይሄዳል። ባጃጅ ላይም ያው ነው፣ እንዲያውም ባጃጅ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ይብሳል።

ይዞ አልፈታ ያለ ብሎን ካጋጠማችሁ ጉልበት አይደለም ሙቀት ነው የሚፈታው። አሉሚኒየሙ ከብሎኑ የበለጠ ስለሚያድግ ዙሪያውን ስታሞቁት ይለቃል። የፈላ ውሃ ደጋግሞ ማፍሰስ ወይም የሞቀ አየር በቂ ሊሆን ይችላል። የኦክስጅን እሳት ግን ተጠንቀቁ፣ አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፣ ንጹሁ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል የሞተሩ ቅይጥ ደግሞ ከዛም በታች፣ መልኩን ሳይቀይር ድንገት እጃችሁ ላይ ይወርዳል። ነዳጅ አጠገብ መሆኑንም አትርሱ። ሲሞቅ ትንሽ ወደ ማሰሪያው ትንሽ ወደ መፍቻው እያወዛወዛችሁ ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከጎተታችሁ አንገቱ ይቆረጣል።

ጥርሱ ካለቀ በኋላ ብዙ ቦታ የሚደረገው ኤም6ቱን በትራፓኖ አስፍቶ ኤም8 ማድረግ ነው፣ ወይም ቴፕ ጠቅልሎ ማስገባት። ቴፑን ተዉት። ማስፋቱ አንዳንዴ ይሰራል ግን ዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ይሳሳል፣ አጠገቡ የዘይት ወይም የውሃ መተላለፊያ ካለ ደግሞ ይበሳል። የሚሻለው ሄሊኮይል ነው፣ ከስቴንለስ ሽቦ የተሰራ ጥምዝምዝ ጥርስ፣ ብሎኑ የድሮው መጠን እንደሆነ ይቀራል፣ በደንብ ከገባ ከፋብሪካው የአሉሚኒየም ጥርስ የበለጠ ይይዛል። ስቴንለስ አይሁን አላልክም ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ ውሃ የሚነካው ቦታ ላይ ስታስገቡት ውጪውን ማሸጊያ ቀቡት። ለኤም6 በ6.3 ለኤም8 በ8.3 መሰርሰሪያ ቀጥ አድርጋችሁ ብሱ፣ ቀጥ ማድረግ ካስቸገረ ቶርኖ ቤት ውሰዱት እንጂ በእጅ አትሞክሩት፣ ከዚያ ከራሱ ጋር በሚመጣው ጥርስ ማውጫ ግማሽ ዙር ወደፊት ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያላችሁ አውጡ፣ ተራ ጥርስ ማውጫ አይሆነውም። ቅርፊቱን አጽድታችሁ ሽቦውን ከላዩ ግማሽ ጥርስ ዝቅ እስኪል አስገቡት። ታች ላይ ሲገባ የተያዘበት ትንሽ ጅራት አለችው፣ ቀዳዳው ድፍን ካልሆነ በቀጭን ብረት መታ አድርጋችሁ ሰብራችሁ በማግኔት ሳይሆን በጉጠት አውጧት፣ ማግኔት ብዙም አይስባትም፣ የካንዴላ ቀዳዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ፒስተኑን ዝቅ አድርጋችሁ ጉጠቱን ቀድማችሁ ያዟት ከዚያ ስበሯት፣ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀች ቴስታታውን ልታወርዱ ነው።